በፌዴራል ኮንትራት ሥር ለምትሠሩ፦ ከቼካችሁ ላይ የሚቆረጠው የዩኒየን መዋጮ ስንቱ ግዴታ ነው?

ፍሬ ነገር (የውይይቱን ክር የከፈተ)

በየግሩፑ የሚዞር አንድ ምክር አለ፦ «የመንግሥት ሥራ ላይ ከሆንክ ለዩኒየን መክፈል የለብህም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 አስቁሞታል።» ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ውስጥ በኮንትራክተር ሥር የሚሠራ ሰው ይህን ሰምቶ መክፈል ቢያቆም ከሥራ ሊባረር ይችላል፤ ያውም ሕግን ተከትሎ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ማን የማን ሠራተኛ እንደሆነ ይለይ። በአንድ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ መንግሥት ራሱ የቀጠረው ሰው አለ፤ እሱ የሚተዳደረው በ1978ቱ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው፤ ለዩኒየን እንዲከፍል የሚያስገድደው የለም። የስቴት፣ የካውንቲና የከተማ ሠራተኞች ደግሞ አሉ፤ የ2018ቱ የጃነስ ውሳኔ ከግዴታ ክፍያ ያወጣው እነሱን ነው። በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ማታ ቢሮ የሚያጸዳው፣ ካፍቴሪያ የሚያበስለው፣ ፖስታ የሚለየው ግን ከሁለቱም አይደለም። ባጁ ላይ የመንግሥት አርማ ቢኖርም ቼኩን የሚጽፍለት የግል ድርጅት ነው። የሚጠራጠር ሰው ደብልዩ-2ውን (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠውን የደመወዝና የግብር ወረቀት) አውጥቶ የአሠሪው ስም የሚጻፍበትን ሳጥን ይመልከት። የድርጅት ስም ካለ የሚመለከተው የ1935ቱ ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው፤ ጃነስ ለእሱ አይሠራም።

ለእሱ የሚሠራው ሌላ ፍርድ ነው፤ የቤክ ውሳኔ ይባላል። ሃሪ ቤክና አብረውት የከሰሱ የስልክ ሠራተኞች አባል ሳይሆኑ ለመገናኛ ሠራተኞች ዩኒየን እንዲከፍሉ ይገደዱ ነበር። ገንዘቡ ሲመረመር ለድርድርና ለውሉ ሥራ የዋለው ከ21 በመቶ እንደማይበልጥ በሥር ፍርድ ቤት ተወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1988 እንዲህ አለ፦ አባል ያልሆነ ሠራተኛ ከተቃወመ ሊገደድ የሚችለው ለኅብረት ድርድር፣ ለውሉ አስተዳደርና ለቅሬታ ማስተናገጃ ለሚወጣው ወጪ ብቻ ነው። ለምርጫ ቅስቀሳና ከሥራ ቦታው ጋር ላልተያያዘ ሌላ ጉዳይ የሚውለው ድርሻ ይቀነስለታል። ቀደም ብሎ በ1963 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሕጉ ውስጥ ያለው «አባልነት» የሚለው ቃል በተግባር ክፍያ ማለት ብቻ ነው ብሎ ነበር። ማንም ሰው ሙሉ አባል ሁን ተብሎ አይገደድም፤ ውሉ «ሁሉም አባል መሆን አለበት» ቢልም እንኳ።

ታዲያ ይህን የማያውቅ ሰው ለምን በዛ? ማስታወቂያው ስለሚሰቀልና ስለሚወርድ ነው። አባት ቡሽ በሚያዝያ 1992 የፌዴራል ኮንትራክተሮች የቤክን መብት ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ አዘዙ። ክሊንተን በየካቲት 1993 ሻሩት። ልጅ ቡሽ በየካቲት 2001 መለሱት። ኦባማ በጥር 30 ቀን 2009 ሽረው በምትኩ ሌላ ይዘት ያለው ማስታወቂያ አዘዙ። ከ2009 ወዲህ ሥራ የጀመረ ሰው ያንን ወረቀት ግድግዳ ላይ ላያየው ይችላል። መብቱ ግን ከ1988 ጀምሮ እዚያው ነው። ግድግዳው ላይ ስላልተለጠፈ የለም አይባልም።

የውሉ አንባቢ

ጥሩ መነሻ ነው። እኔ የምጨምረው ቦታውን ነው፤ ከዚህ ካልተጀመረ ሁሉም ነገር ይደበላለቃል።

ቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ ማንም ሠራተኛ ለዩኒየን እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል አይፈቀድባትም። ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኔቫዳ፣ ፍሎሪዳና ሰሜን ካሮላይናም እንደዚሁ። ስለዚህ ዳላስ፣ አትላንታ ወይም ላስ ቬጋስ የሚሠራ ሰው የቤክ ደብዳቤ (በቤክ ውሳኔ መሠረት ክፍያው እንዲቀነስ የሚጠይቅ ደብዳቤ) አያስፈልገውም፤ አባል ካልሆነ ምንም አይከፍልም። ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሚኒሶታና ኦሃዮ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የላቸውም። ሚሺጋን ክልከላውን አንስታለች፤ ከየካቲት 2024 ጀምሮ የግል ድርጅት ውል ማስገደድ ይችላል።

የሚቆጠረው የምትሠሩበት ቦታ ነው፤ የምትኖሩበት አይደለም። አሌክሳንድሪያ እያደረ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሰው የሜሪላንድ ሠራተኛ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የፌዴራል መሬት፣ በተለይ የጦር ሰፈር፣ ስቴቱ ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ለፌዴራል መንግሥቱ አሳልፎ የሰጠው ነው። እዚያ የስቴቱ ክልከላ ላይሠራ ይችላል። ፍሎሪዳ ውስጥ በፓትሪክ የአየር ኃይል ሰፈር ጉዳይ በ1981 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንዲህ ነው የወሰነው። ስለዚህ «ቨርጂኒያ ነኝ» ብላችሁ ብቻ አትዝለሉ። ውሉን ጠይቁና የመዋጮውን አንቀጽ አንብቡ። ዩኒየኑ የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ መብቱ ለሚነካበት ሠራተኛ ሁሉ፣ አባል ላልሆነውም ጭምር፣ ሲጠየቅ መስጠት አለበት፤ ይህ የ1959ኙ የዩኒየኖች ሕግ ክፍል 104 ነው። «አባል ስላልሆንክ አናሳይህም» ማለት አይችሉም።

ማስታወሻ ደብተር

ሁለት ጥያቄ። አንደኛ፣ ብዙ ሰው ሥራ በጀመረበት ቀን ከአይ-ዘጠኝ (የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ) እና ከባንክ ቅጹ ጋር የቀረበለትን የዩኒየን ካርድ ሳያነብ ፈርሟል። ያ ፊርማ መመለሻ አለው? ሁለተኛ፣ ደብዳቤ የሚባለው ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?

ፍሬ ነገር

ካርዱን አውጥታችሁ በመብራት እዩት፤ ከሌላችሁ ከኤች አር ቅጂ ጠይቁ። አንድ ወረቀት ቢመስልም ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የተለያየ ፊርማ አለበት። ላይኛው የአባልነት ማመልከቻ ነው። መካከለኛው አሠሪው ከደመወዛችሁ ቆርጦ ለዩኒየኑ እንዲልክ የምትፈቅዱበት ነው። ታችኛው፣ ካለ፣ ለፖለቲካ ፈንድ «ከየቼኬ ይህን ያህል ዶላር» የሚል ነው።

የታችኛው ምንጊዜም በፈቃድ ብቻ ነው። የፌዴራል የምርጫ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ላይ ምንም ሊደርስበት አይችልም። ፔይስታባችሁ (የደመወዝ መግለጫችሁ) ላይ ከዋናው መዋጮ መስመር በታች ትንሽ ገንዘብ ለብቻዋ በየጊዜው እየተቆረጠች ከሆነ ይቺ ልትሆን ትችላለች። በአንድ መስመር ጽሑፍ ልታስቆሟት ትችላላችሁ፤ ለዚህ የቤክ ደብዳቤም አያስፈልግም።

የመካከለኛው ፊርማ ነው ጣጣው። በ1947ቱ ሕግ መሠረት ይህ ፈቃድ ከአንድ ዓመት ወይም ውሉ ከሚያልቅበት ቀን፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው በላይ እንዳይሻር ሆኖ ሊታሰር አይችልም። ግን ካርዱ በየዓመቱ ራሱን እንዲያድስ ይጻፍና መሻሪያው ጠባብ በር ይደረጋል። ምሳሌ፦ ካርዱ «ዓመቱ ከመሙላቱ በፊት ከ30ኛው ቀን እስከ 15ኛው ቀን ባለው ጊዜ በጽሑፍ» ቢልና የተፈረመው ሰኔ 20 ቢሆን፣ በሩ የሚከፈተው ግንቦት 21 ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 5። በሰኔ 6 የደረሰ ደብዳቤ ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፋችኋል። ስልካችሁ ላይ ቀኑን መዝግቡ።

ልብ በሉ፦ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ይህን ፈቃድ መሻር ዕዳውን አያጠፋም። ከቼክ መቆረጡ ቀርቶ በእጃችሁ እንድትከፍሉ ያደርጋችኋል እንጂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዘብ 24

ስለ ደብዳቤው እኔ ልመልስ። በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። ይዘቱ አራት ነገር ነው፦

ከዛሬ ጀምሮ ከአባልነት ለቅቄአለሁ።

በቤክ ውሳኔ መሠረት ከኅብረት ድርድር፣ ከውል አስተዳደርና ከቅሬታ ማስተናገድ ውጭ ላለ ማንኛውም ወጪ መክፈልን እቃወማለሁ።

ክፍያዬ እንዲቀነስ፣ የቅናሹ መቶኛ፣ የወጪዎቹ ዝርዝርና ሒሳቡን የምቃወምበት አካሄድ በጽሑፍ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ ደመወዜ ላይ የሰጠሁትን የመቁረጥ ፈቃድ በተመለከተ ሕጉ እስከሚፈቅደው መጠን እንደ መሻሪያም ይቆጠር።

ከሥሩ ስም፣ አድራሻ፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ ቀን፣ ፊርማ። አንዱ ቅጂ ለሎካሉ (ለአካባቢው የዩኒየን ቅርንጫፍ) ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ አንዱ ለዋናው ዩኒየን ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለኤች አር። በሰርቲፋይድ ሜይል ከመመለሻ ካርድ (መድረሱን ከሚያረጋግጠው አረንጓዴ የፖስታ ካርድ) ጋር ላኩት። ሕጉ ሰርቲፋይድ ይሁን ብሎ አያስገድድም፤ ግን «አልደረሰንም» ለሚለው መልስ ከዚያ አረንጓዴ ካርድ የተሻለ ማስረጃ የለም። ለሾፕ ስቲዋርዱ (በሥራ ቦታው ዩኒየኑን ለሚወክለው ሠራተኛ) በእጅ ሰጥቶ መሄድ እንደ መላክ አይቆጠር፤ ስቲዋርዱ ቅን ሰው ቢሆንም ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መቅረት የለበትም። ቤክ የአባል ያልሆኑ ሰዎች መብት ነው። አባል ሆኖ «ግማሹን ልክፈል» ማለት አይቻልም፤ ደብዳቤው ስለ ተቃውሞ ብቻ ጽፎ መልቀቅን ከዘለለ ውድቅ ያደርጉታል።

ከዚያ በኋላ ዩኒየኑ መቶኛውን ይልካል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ መዋጮው በወር 50 ዶላር ቢሆንና ግዴታ የሚባለው ድርሻ 82 በመቶ ነው ቢሉ 41 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ በዓመት ልዩነቱ 108 ዶላር ነው። አዲስ ለተቀጠረ ሰው የመግቢያ ክፍያውም በዚሁ መጠን ይቀነሳል። የሠራተኛ ግንኙነት ቦርዱ፣ ማለትም ኤንኤልአርቢ፣ በ2019 ሁለት ነገር አጠንክሯል፦ ሕግ አውጪ ጋ ለሚደረግ ግፊት የሚወጣ ገንዘብ ከተቃዋሚ ላይ አይወሰድም፤ ሒሳቡም በገለልተኛ ኦዲተር የተረጋገጠ ለመሆኑ ማረጋገጫ መሰጠት አለበት። ስለዚህ የተላከላችሁ ወረቀት ኦዲተር የሚል ቃል ከሌለበት ጠይቁ።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ መክፈላችሁን አታቁሙ። ይህን አጥብቄ የጻፍኩት ሰው ሥራ የሚያጣበት ቦታ ይህ ስለሆነ ነው።

የውሉ አንባቢ

ዘብ ያለው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ላክልበት። ግዴታ ባለበት ስቴት ለ30 ቀን ሠርቶ የማይከፍል ሰው (ለኮንስትራክሽን 7 ቀን) ዩኒየኑ አሠሪውን «አሰናብተው» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «መዋጮ» የሚለው ቃላችን ራሱ ያሳስታል። እድር ላይ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ይቀጣል፣ ቢበዛ ከመዝገብ ይሰረዛል። እዚህ ግን ዕዳው ከሥራ ጋር የታሰረ ነው።

ይሁን እንጂ ዩኒየኑም ዝም ብሎ ማስባረር አይችልም። በቅድሚያ ለሠራተኛው ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ የየትኞቹ ወሮች እንደሆነ፣ እንዴት እንደተሰላ፣ እስከ መቼ መክፈል እንዳለበት፣ ካልከፈለ እንደሚሰናበት መንገር አለበት፤ ለመክፈልም በቂ ጊዜ መስጠት አለበት። ማስባረር የሚቻለው ለመደበኛ መዋጮና ለመግቢያ ክፍያ ብቻ ነው፤ ለቅጣት ወይም ለልዩ መዋጮ አይቻልም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። ክፈሉና እየከፈላችሁ ተከራከሩ።

የስቲዋርዱ ወገን

ሕጉን በትክክል ጽፋችኋል፤ አልከራከርም። ግን ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ሰው ምን እንደሚያጣም ይወቅ፤ ይህን የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው።

ከለቀቀ ሰው በቀጣዩ ውል ላይ ድምፅ አይሰጥም። አድማ ይሁን አይሁን ሲባል ድምፅ የለውም። የሎካሉን መሪ አይመርጥም፤ አይመረጥም። ተመልሶ ልግባ ቢል የመግቢያ ክፍያ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። በዓመት 108 ዶላር አድኖ፣ ለሦስት ዓመት የሚገዛውን ደመወዝና የሕክምና ሽፋን ሌላ ሰው እንዲወስንለት መተው ትንሽ ዋጋ አይደለም። ብዙ የኛ ሰው ያለበት የሥራ ቦታ ላይ ግማሹ ቢለቅ፣ የሚደራደረው ቡድን ውስጥ ስለ ፋሲካና ስለ ገና ፈቃድ የሚያነሳ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። በየዓመቱ የማየው የውል ጥያቄ ዝርዝር ይህን ነው የሚያሳየኝ።

በሌላ በኩል የማይጠፋውም ይነገር። ደመወዙ፣ ሲኒየሪቲው (በአገልግሎት ዘመን የሚገኘው ቅድሚያ)፣ የውሉ ጥቅም ሁሉ እንዳለ ነው። ቢከሰስ ወይም ቢባረር ዩኒየኑ እንደ አባል እኩል ሊወክለው ግዴታ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 አስሮታል። «አባል አይደለህም፣ ቅሬታህን አንይዝም» የሚል ስቲዋርድ ሕግ እየጣሰ ነው።

ቅሬታው መዋጮው በዛ የሚል ከሆነ ግን ከመልቀቅ ሌላ መንገድ አለ። ሎካል ዩኒየን መዋጮ ሊጨምር የሚችለው በአባላት ምስጢራዊ ድምፅ ነው፤ መሪዎቹም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምስጢር ድምፅ መመረጥ አለባቸው። ስብሰባው ላይ 12 ሰው ብቻ ሲመጣ 7ቱ ይወስናሉ። እዚያ መገኘት ከደብዳቤ የበለጠ ነገር ይለውጣል የሚል እምነት አለኝ።

ፍሬ ነገር

ወንድም ስቲዋርዱ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ፤ ክሩ የጎደለው ይህ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አድማ ከመጣ አባል የሆነ ሰው ሰልፉን አልፎ ሥራ ቢገባ ዩኒየኑ በገንዘብ ሊቀጣው ይችላል፤ አስቀድሞ የለቀቀን ግን አይችልም። መልቀቅ ደግሞ በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ አድማ ላይም ቢሆን። ይህ ከ1985 ጀምሮ የጸና ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ለማየት የሚፈልግ ሰው አባል ይሁን አይሁን የዩኒየኑን ዓመታዊ ሪፖርት በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያገኛል። የዓመት ገቢው 250,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዩኒየን ኤልኤም-2 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። ሠንጠረዥ 15 ለሠራተኛ ውክልና የወጣው ነው፤ 16 ለፖለቲካና ለግፊት፤ 17 ስጦታና እርዳታ፤ 18 ጠቅላላ ወጪ፤ 19 አስተዳደር። የሎካሉን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ከምትከፍሉት ውስጥ የተወሰነው ወደ ዋናው ዩኒየን ስለሚተላለፍ የሁለቱንም ክፈቱ። የኤልኤም-2 መቶኛ ከቤክ መቶኛ ጋር አንድ አይደለም፤ አከፋፈሉ የተለያየ ነው። ግን የተነገራችሁ ቁጥር እውነት ይመስል እንደሆነ ለማመዛዘን ይረዳል።

ማስታወሻ ደብተር

ዘብ 24፣ አንድ ሌላ። በፌዴራል ሕንፃ ሥራ ኮንትራክተሩ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ሰውም ቦታውም ዩኒፎርሙም ያው ነው፤ ቼኩ ላይ ያለው ስም ብቻ ይለወጣል። የዩኒየኑ ክፍያስ?

ዘብ 24

ይህ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

ኮንትራክተር ሲቀየር ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ይሄዳል። በሰርቪስ ኮንትራት ሕጉ መሠረት አዲሱ ድርጅት በቀድሞው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ከነበረው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ያነሰ ሊከፍል አይችልም። ያ ወለል ነው። የቀድሞው ውል ግን እንደ ውል አይተላለፍም። ከ1972 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው፦ አዲሱ አሠሪ ብዙኃኑን ከነባሮቹ ከቀጠረ ከዩኒየኑ ጋር መደራደር አለበት፤ የቀድሞውን ውል ካልተቀበለ ግን አይታሰርበትም።

በተግባር ምን ማለት ነው? አዲሱ ኮንትራክተር የቀድሞውን ውል በፊርማ ካልተቀበለ ወይም አዲስ ውል ካልፈረመ፣ «ካልከፈልክ ትባረራለህ» የሚለው አንቀጽ በመካከሉ የለም። በዚያ ክፍተት ክፍያ በፈቃድ ነው። ለቀድሞው ድርጅት የተፈረመው የመቁረጥ ፈቃድም ለዚያ ድርጅት የተሰጠ ነው፤ ቃሉ «እና ለተተኪዎቹ» የሚል ካለበት አንብቡት፣ ከሌለበት አዲሱ ድርጅት ያለ አዲስ ፊርማ መቁረጡን ጠይቁ። በሽግግሩ ቀን አዳራሽ ውስጥ ከዩኒፎርም መጠን ቅጽ ጋር የሚታደለው ካርድ ለዚህ ነው። ፈርሙም አትፈርሙም፣ አንብባችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ይሁን። ከዚያ ቀን ነው ዓመቱ እንደገና የሚቆጠረው።

ሌላ ግራ የሚያጋባ መስመር፦ ፔይስታብ ላይ ኤች ኤንድ ደብልዩ (ሄልዝ ኤንድ ዌልፌር) የሚለው በሰዓት የሚሰላው የጥቅማ ጥቅም ገንዘብ ነው። የዩኒየን መዋጮ አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ዩኒየኑ በሰዓት ይህን ያህል ይወስዳል» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ቅዳሜ ገበያ

ቨርጂኒያ ባሉት በዳለስና በሬገን ኤርፖርት የሚሠሩትስ? ብዙ ኢትዮጵያዊ ያለው እዚያ ነው።

የውሉ አንባቢ

ኤርፖርት ሁሉ አንድ አይደለም። የአየር መንገድ ሠራተኛ የሚተዳደረው በባቡርና አየር መንገድ ሕጉ ነው፤ ያ የ1926 ሕግ ነው። እዚያ የስቴት ክልከላ አይሠራም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የአየር መንገድ ሠራተኛ እንኳ ውሉ ካለ ክፍያ ሊገደድ ይችላል። ከድርድር ውጭ ላለ ወጪ ያለመክፈል መብት ግን እዚያም አለ፤ በ1984ቱ የኤሊስ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው። ግዴታው ከሥራ ጅማሬ በ60 ቀን ነው፤ 30 አይደለም። ለአየር መንገዱ በኮንትራት የሚሠራው ዊልቼር ገፊ ወይም ካቢን አጽጂ በየትኛው ሕግ ሥር እንደሚወድቅ አየር መንገዱ በሥራው ላይ ባለው ቁጥጥር መጠን ይወሰናል። ተርሚናል ውስጥ ምግብ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው በ1935ቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ሰው ከመምከራችሁ በፊት ውሉ ላይ የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰ እዩ።

ስለ ማስታወቂያውም ልጨርስ። በ2009 ትእዛዝ የመጣው ፖስተር 11 በ17 ኢንች ነው፤ በሁለት ተራ ወረቀት አትሞ ማያያዝም ይቻላል። የመደራጀት፣ የመደራደር፣ እንዲሁም ከዩኒየን የመቅረት መብትን ይዘረዝራል። ስለ ቤክ ቅናሽ ግን አይናገርም። ስለዚህ ፖስተሩን አንብቦ «ስለ ክፍያ ምንም አላየሁም» ያለ ሰው ልክ ነው። የቤክን መብት የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ራሱ ዩኒየኑ ነው፤ ይህ በ1995 ቦርዱ የወሰነው ነው። አንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ በትንሽ ፊደል ያወጣዋል፤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የመጣውን መጽሔት ሳትከፍቱ አትጣሉት።

ኮንትራታችሁ በፖስተሩ ትእዛዝ ሥር መሆኑን ለማወቅ አንቀጽ 52.222-40 ኮንትራክተሩ ከመንግሥት ጋር በገባው ውል ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ከሠራተኛው ጉልህ ክፍል እንግሊዝኛ የማያነብ ከሆነ ደንቡ ፖስተሩ በሚያነቡት ቋንቋ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ትርጉሙን ከሠራተኛ ሚኒስቴሩ የሚጠይቀው ኮንትራክተሩ ነው። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ባለበት ሕንፃ ይህን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። እምቢ ካለ አቤቱታው ለዚያው ሚኒስቴር ይቀርባል።

ማስታወሻ ደብተር

በሃይማኖት ምክንያት የማይከፍል ሰውስ? ይህን የሚጠይቁ ምእመናን አሉ።

ፍሬ ነገር

ሁለት መንገድ አለ። የሠራተኛ ግንኙነት ሕጉ ክፍል 19 ከጥንት ዩኒየን መቀላቀልን ወይም መደገፍን በእምነት የሚቃወም ሃይማኖት አባል ለሆነ ሰው ተመጣጣኙን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲከፍል ይፈቅዳል። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች በዚህ የታወቁ ናቸው። ከዚህ የሚሰፋው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ አቋም ባይኖረውም የግለሰቡ ቅን እምነት ይታያል። በሁለቱም ገንዘቡ አይቀርም፤ መድረሻው ነው የሚለወጠው። እምነት የሌለውን ምክንያት በእምነት ስም ማቅረብ ግን አይገባም፤ ጥያቄና መልስ አለው፣ ሌላውን እውነተኛ ጠያቂም ይጎዳል።

ቅዳሜ ገበያ

ብቻን ከመላክ አብረን ብንሆንስ? የሥራ ቦታው ሁሉ ግዴታውን የማይፈልግ ከሆነ?

የውሉ አንባቢ

አለ። ከሠራተኛው 30 በመቶ ከፈረመ ቦርዱ ግዴታውን ብቻ የማንሳት ምርጫ ያካሂዳል፤ ዩኒየኑም ውሉም እንዳሉ ይቆያሉ፣ ክፍያ ግን በፈቃድ ይሆናል። ልብ የሚባለው ቁጥሩ ነው፦ ከመረጡት ሳይሆን የመምረጥ መብት ካላቸው ሁሉ ከግማሽ በላይ ይፈለጋል። 100 ሰው ባለበት 60 መጥቶ 45ቱ «ይነሳ» ቢሉ አልተነሳም፤ 51 ያስፈልጋል። ያልመጣ ሰው «ይቆይ» እንዳለ ይቆጠራል። ፊርማው ደግሞ አሠሪው እጁን ሳያስገባ መሰብሰብ አለበት፤ ሱፐርቫይዘር ወረቀቱን ካዞረ ይበላሻል።

ማስታወሻ ደብተር

የመጨረሻ። ደብዳቤው ደርሶ፣ አረንጓዴው ካርድ ተመልሶ፣ ሁለት ወር ሙሉ መልስም ቅናሽም ካልመጣስ?

ፍሬ ነገር

አንድ አጭር ማስታወሻ የመጀመሪያውን ቅጂ አያይዛችሁ ላኩ፤ «በዚህ ቀን ደርሷችኋል፣ በ14 ቀን ውስጥ መልስ እጠብቃለሁ» በሉ። ካልመጣ ኤንኤልአርቢ ላይ ክስ ይመሠረታል። በነፃ ነው፤ በዩኒየን ላይ ሲሆን ቅጹ ቁጥር 508 ነው፣ በአሠሪ ላይ ሲሆን 501። የዲሲና የሜሪላንድ አካባቢ ቢሮው ባልቲሞር ያለው ክልል 5 ነው፤ በድረ ገጽም ይቀርባል። ስትደውሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። ይዛችሁ የምትቀርቡት የደብዳቤው ቅጂ፣ አረንጓዴው ካርድ፣ ከደብዳቤው በፊት አንድና በኋላ ያሉት ፔይስታቦች ሁሉ ናቸው።

ጊዜው 6 ወር ብቻ ነው፤ ካለፈ ጥሩ ማስረጃም አይረዳም። ለጥንቃቄ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ሙሉው መዋጮ የተቆረጠበትን የመጀመሪያ ቼክ ቀን ያዙና ከዚያ ቁጠሩ።